አባቴ ክኒኑን የተካፈሉ ጊዜ

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ድሮ ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር። ዘንድሮ ቱሪስቱ እንደ ክረምት ፀሐይ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ስለሚል «አስጎብኚ ነኝ» ማለት «ሥራ ፈት ነኝ» የሚለውን በጨዋ ደንብ መናገር ሆኗል። አምሳን ተሻግሬያለሁ። ፀጉሬ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሆዴ ወደ ፊት ይገሰግሳል። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ እንግዶቼን ስመራ «አትፍሩ፣ እኔ ካለፍኩ ማንም ያልፋል» እላቸዋለሁ። እነሱ ቀልድ መስሏቸው ይሥቃሉ።

አባቴ በምንም አይመስሉኝም። ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። እኔ ግማሽ ቀን የማወራውን እሳቸው በአንድ «እህም» ይጨርሱታል። ሰባን ካለፉም በኋላ ሩቁ ሙጃ ገበያ ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ወገባቸውን ያዛቸው። ሽንት አልመጣ አላቸው፤ ከመጣም አልጨርስ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ስለ ሽንቱ አያወራም፤ ስለ በሬው ሽንት ግን ሲያወራ ሊውል ይችላል። ጠበል ገቡ፣ ወገባቸውን ታሹ፣ «ብርድ ነው» አሉ። እኔ የሰማሁት በሬ መጥመድ ሲያቅታቸው ነው። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስንላክ ስንላክ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ደረስን። እዚያ አንዲት ወጣት ዶክተር አባቴን ፊት ለፊት አስቀምጣ ነገረቻቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ከቦታው ተነሥቶም አጥንት ገብቷል።

አባቴ ዝግ ብለው ጠየቁ።

«ዘንድሮ እዘራለሁ?»

«ይዘራሉ አባቴ።»

«አጭዳለሁ?»

«እሱን አላውቅም። እንዲያጭዱ ነው የምንሠራው» አለቻቸው።

ስንወጣ በደረጃው ላይ ቆም ብለው «ይቺ ልጅ አትዋሽም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ልጅቷ ነበር የሚያወሩት። የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሯ የት እንደሆነ፣ እናቷ እንዴት አድርገው እንዳሳደጓት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዶክተሯ አዲስ ነገር አመጣች። አንድ ጥናት አለ አለች። ሁሉም በሽተኛ የተለመደውን መርፌ ይወስዳል፤ መርፌው በሽታው የሚመገበውን የወንድ ሆርሞን የሚያደርቅ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ገና የሚሞከር አዲስ ክኒን አለ። ግማሹ ሰው ክኒኑን ያገኛል፤ ግማሹ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለው ክኒን ያገኛል። ማን የቱን እንደሚያገኝ ኮምፒውተር በዕጣ ይወስናል። እሷም አታውቅም፣ በሽተኛውም አያውቅም።

አባቴ ግንባራቸው ተሸበሸበ። «አውቆ ባዶ የሚሰጥ ሐኪም?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ዘልዬ የገባሁት። ልጅቷ ጥርት ባለ አማርኛ እየተናገረች እኔ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ላስተረጉም ተነሣሁ። የአስጎብኚ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም።

«አባባ፣ ቅርጫ ማለት እኮ ነው!» አልኳቸው። «በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ ይመደባል። ከዚያ ሁሉም ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቁልፍ። ዕጣውን የሚጥለው ግን ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ነው። ለምን? ለዘመዱ እንዳያዳላ! ኮምፒውተሩ ያ ሰው ነው።»

የአባቴ ፊት እንደ መስከረም ሰማይ ተገለጠ። «እህም» አሉ። የዶክተሯም ፊት ፈካ። «ከእንግዲህ ለሌሎቹም እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው» አለች። እኔማ ወንበሩ ጠበበኝ። ላሊበላ ከተመለስኩ በኋላ በየሻይ ቤቱ «ሳይንስን ለሳይንቲስት ያስረዳሁት እኔ ነኝ» ስል ከረምኩ። ጓደኞቼ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀመሩ።

አባቴ ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር።

«ባዶው የደረሰው ሰው ይጎዳል?»

«መርፌውን እንደማንኛውም ሰው ያገኛል። የሚቀርበት ሕክምና የለም።»

«ልተወው ብልስ?»

«ባሉበት ቀን ይተዋሉ። የሚቆጣዎት የለም፤ ሕክምናዎም አይቋረጥም።»

«ባዶው ከደረሰኝ ታዲያ እኔ ምን ጠቀመኝ?»

ዶክተሯ አሁንም አላድበሰበሰችም። «እርስዎን ላይጠቅም ይችላል። ክኒኑ ይሠራ አይሠራ ካወቅን ከእርስዎ ኋላ የሚመጣውን ሰው ይጠቅማል።»

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጽድ መትከል ነው በያ» አሉ። ቤታችን ጓሮ ያሉትን ጽዶች አያታቸው ናቸው የተከሏቸው። ከዚያ የስምምነቱን ወረቀት እንደገና አስነበቡና ፈረሙ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ የሚል ነበር። ክኒኑ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ጾም የሚያውቅ መድኃኒት ነው» ብለው አከበሩት፤ የነፍስ አባታቸውም በጉንጭ ውኃ እንዲውጡት ፈቀዱላቸው። ለቀጠሮ በአውሮፕላን ስንሄድ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቅዱሳንን በተራ እጠራለሁ። እሳቸው በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ «ተመልከት፣ ድንበሩን ገፍቶታል!» ይሉኛል። የጎረቤት ማሳ ፍለጋ ላይ ናቸው። መርፌው ድንገተኛ ሙቀት ሲለቅባቸው ደግሞ፣ ሁሉም ሰው ጋቢ ደራርቦ በሚንቀጠቀጥበት ብርድ እሳቸው ጋቢያቸውን ወርውረው በእጀ ጠባብ ይቀመጣሉ። «ላስታ ውስጥ የሞቀኝ እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ። በዚያ ወራት ነው አባቴ ቀልድ እንደሚችሉ ያወቅሁት። ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበውት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ቀጠሮው ሲቃረብ፣ ላመጣቸው ወደ ደጋው ወጣሁ። ጠዋት ነው። አባቴና የክርስትና አባቴ የድንጋይ ካቡን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የክርስትና አባቴ ለአባቴ አበልጅ ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤትም ናቸው፤ ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ቀልዴን ከማን እንደወረስኩ እሳቸውን ያየ ያውቃል፤ ከጠበሉ ጋር አብሮ የወረደብኝ ይመስለኛል።

ስጠጋ የክርስትና አባቴ መዳፋቸውን ዘረጉ። በመዳፋቸው ላይ አንዲት ነጭ ክኒን። አማተቡ፣ አፋቸው ውስጥ ጣሏት፣ ከጣሳው ውኃ ጎንጨት አሉባት።

«የክርስትና አባቴ፣ ምንድን ነው የዋጡት?»

«ድርሻዬን ነዋ!»

«የምን ድርሻ?»

«ከቅርጫው።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ምንም እንዳልሆነ ሰው ገብሱን እያዩ ነው። «እሱንም እንደኔ ሽንት ያስቸግረዋል» አሉ። «ሲነሣ ሲተኛ ነው የሚያድረው። እንግዲህ ሰሞኑን አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ እንውጣለን።»

«አባባ! ማን ነው እንዲህ አድርጉ ያለዎት?»

«አንተ።»

«እኔ?!»

«ቅርጫ ነው አላልከኝም? ሥጋ ደርሶኝ አበልጄ ጾሙን ያደረበት ቀን አለ? ለጎረቤት የማይቆረስበት ቅርጫ የት አይተሃል?»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልክ ናቸው። እኔ ቅርጫን ያስረዳሁት እስከ ዕጣው ድረስ ነው። አባቴ ግን ቅርጫን ያውቁታል፤ ሥጋው ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ጭምር።

«ወረቀቱ ላይ እኮ ‹ለሌላ ሰው አይስጡ› ይላል! ደግመው አስነብበው ነው የፈረሙት።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባቴ። «አበልጅ ሌላ ሰው ነው?»

ቀስ ብዬ አስረዳሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ያለ ምሳሌ። ጥናቱ የሚለካው አባቴ በየቀኑ የዋጡትን ነው። አንድ ቀን ዘለው አንድ ቀን ከዋጡ ልኬቱ ይፋለሳል። ምናልባትም ከጥናቱ ያስወጧቸዋል፤ ክኒኑ እውነተኛው ከነበረ እሱም ይቀራል። ይህን ስል የአባቴ እጅ ጋቢያቸውን ጨበጥ አደረገ። ከሕመሙ ወዲህ ያንን ገብስ ራሳቸው እንደሚያጭዱት ያመኑት በዚያች የክኒን ብልቃጥ ነበር።

የክርስትና አባቴ ወዲያው መፍትሔ አመጡ። «እኔ የዋጥኩትን አይጥ በላው በሉ።»

«አይጥ አይታመንም» አልኩ እኔ፣ ወገቤን ይዤ። «ጭላዳ ዝንጀሮ ነጠቀን እንበል። ጭላዳ ያምርበታል። ፎቶውም አለኝ።»

ሁለታችንም ሣቅን። አባቴ አልሣቁም።

«ያቺ ልጅ አጭዳለሁ ወይ ስላት ‹አላውቅም› አለችኝ» አሉ። «‹አዎ› ብትለኝ ምን ነበረበት? ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። አልዋሸችኝም። እኔ አሁን ጭላዳ ነው ልበላት?» ከካቡ ቀና አሉ። «ደሞስ የምትጽፈው ስለኔ ብቻ ነው? እኔ የዋሸሁት ውሸት ነገ ለማላውቀው ሰው መድኃኒት ሆኖ ይሰጠዋል። ስልኩን አምጣ።»

ደወልኩ። ስልኩን ተቀበሉኝና ድምፁ አዲስ አበባ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ይመስል ጮኹ።

«ልጄ! እኔ ነኝ! ክኒኑን ተካፍያለሁ!»

ሁሉንም ነገሯት፤ አበልጃቸውን፣ ቅርጫውን፣ ቀን በቀን መለዋወጡን። እኔ አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጥናቱ አልነበረም።

«አበልጅዎ አሁን ምን ይሰማቸዋል? ልባቸው ይመታል? እግራቸው አብጧል?»

«ምንም አልሆንኩም በላት» አሉ የክርስትና አባቴ። «ጠላ ብቻ ያምረኛል በል።»

«እሳቸው ከዛሬ ጀምሮ እንዳይውጡ። እርስዎ እንደ ታዘዘልዎ ይቀጥሉ። ይዘዋቸው ይምጡ» አለች።

«እኔንስ ታስወጪኛለሽ?»

«አላውቅም አባቴ። ከበላዮቼ ጋር መነጋገር አለብኝ። መጀመሪያ ይምጡ።»

አባቴ ስልኩን መለሱልኝ። «አየህ፣ አሁንም አልዋሸችም» አሉ።

ሦስታችን አዲስ አበባ ገባን። የክርስትና አባቴ አዲስ ነጠላ ለብሰው እንደ ሙሽራ ሚዜ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። «እኔን ካዩኝ ይምሩታል» ባይ ናቸው። የደም ግፊታቸውን ለኳቸው፣ ደም ወሰዱላቸው፣ ሆዳቸውን በመሣሪያ አዩላቸው። ዶክተሯ አባቴን ለብቻቸው አስቀመጠች፤ እኔ በሩ ጥግ ቆምኩ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀል ነበር።

«አባቴ፣ ይህን ክኒን የምናጠናው ገና ስለማናውቀው ነው» አለቻቸው። «ልብ ሊያስቸግር ይችላል፣ ጉበት ሊነካ ይችላል። እዚህ እየጠራን ደምዎን የምናየው ለዚህ ነው። የአበልጅዎን ደም ማን እያየው ነበር?»

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ አባቴን አንገታቸውን ደፍተው ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

«የማላውቀውን ነገር ወንድሜን አጎረስኩት» አሉ።

በዚህ መሐል የክርስትና አባቴ እጅጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ ሳያንኳኩ ገቡ። የመጨረሻዋን ቃል ሰምተዋታል።

«ባዶውስ ቢሆን?» አሉ። «ዕጣው ባዶ ከሆነ እኮ እስከ ዛሬ የጋበዝከኝ ባዶ ነው! እንግዲያውስ ተቀይሜሃለሁ።»

ዶክተሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን በሣቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴም ቀና አሉ።

ከዚያ ኮሪደር ላይ መጠበቅ ሆነ። ጥናቱን የሚቆጣጠሩት ሰዎች እየተነጋገሩ ነው ተባለ። እኔ ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አባቴ በትራቸውን በጉልበቶቻቸው መሐል አቁመው፣ አገጫቸውን አስደግፈው፣ በሩን ያያሉ። በዚያች ሰዓት ነው በደንብ ያየኋቸው። ጭላዳ ቢሉ ኖሮ አሁን ቤታቸው ገብሳቸውን እያዩ ነበር። እውነት ተናግሮ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል በሥራዬ ላይ ለእንግዶች ስንት ሥዕል ሳስጎበኝ አላየሁትም።

በሩ ተከፈተ። ዶክተሯ መጥታ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቆማ አልነገረቻቸውም።

«ይቀጥላሉ» አለች።

አባቴ በትራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ ጠቅ አደረጉት።

«የዘለሉት ዘለሉ ተብሎ ይጻፋል፣ አይሰረዝም» አለች። «ነገሩ የት ላይ እንደተዛባ ካወቅን ልንሠራበት እንችላለን። የሚጎዳን ሳንሰማ የሚቀረው ነው። እና እኔም ተምሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ‹ለሌላ ሰው አይስጡ› ብዬ አላቆምም። ‹ለሚስትም፣ ለወንድምም፣ ለአበልጅም› እላለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቅርጫውንም እስከ ዕጣው ድረስ ብቻ ነው የምናገረው።»

«እኔ ቅርጫ ትቻለሁ» አልኳት። «አሁን ሽሮ ላይ ነኝ።»

የክርስትና አባቴ ውጤትም መጣ። ክኒኑ ጉዳት አላደረሰባቸውም። ሽንት የሚያስቸግራቸውም ካንሰር ሆኖ አልተገኘም፤ በዕድሜ የሚመጣ የፕሮስቴት እብጠት ነው፣ የታወቀ መድኃኒት ያለው። የራሳቸውን ብልቃጥ ሰጧቸው። ወደ ላሊበላ ስንመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ ብልቃጡን ለአባቴ እያወዛወዙ «ይኼ የብቻዬ ነው፣ እንዳትለምነኝ!» ሲሉ አስተናጋጇ ደንግጣ መጣች።

ያን ዓመት አባቴ ገብሳቸውን ራሳቸው አጨዱ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ትንሽ አጭደው ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ሙቀቱ ሲመጣባቸው ጋቢውን ይጥላሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። የማሳው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ስልኩን አስደወሉኝና ጮኹ። «ልጄ! አጨድኩ!» ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ተባለ። እኔ አልሰማሁትም፣ አልጠየቅሁምም።

አሁንም ጥናቱ ውስጥ ናቸው። የወገባቸው ሕመም ለቀቅ አድርጓቸዋል፤ የደማቸው ውጤትም ወደ ታች ወርዷል። በመርፌው ይሁን በክኒኑ አናውቅም። ዶክተሯም አታውቅም። «ሲያልቅ ይነገረናል» ይላሉ አባቴ። «እስከዚያው ዕጣዬን አልገልጥም።»

ለፋሲካ ደጋው ላይ ቅርጫ ነበር። በሬው ታርዶ መደቡ ተመደበ። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ሲፈለግ፣ ከከተማ አርፍጄ የደረስኩት እኔ ነበርኩና «ና፣ አንተ ጣል!» ተባልኩ። በሕይወቴ ኮምፒውተር ሆኜ አላውቅም ነበር። እፍኝ ሙሉ ጠጠርና ስንጥር ይዤ በየመደቡ ላይ ጣልኩ። ለአባቴ የደረሳቸው ከሥጋው አጥንቱ የሚበዛ ነው። ሁሉም ወደ እኔ እያየ ሣቀ። «ጥሩ ኮምፒውተር ነው፣ ለአባቱ እንኳ አላዳላም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

የክርስትና አባቴ ዘንድሮ ቅርጫ አልገቡም ነበር፤ «በሬው እኔን ያክላል፣ ጥርሴን አልፈጅበትም» ብለው። አጥሩን ተደግፈው ያዩናል። አባቴ ቢላቸውን አነሡ፣ ከዚያ አጥንታም መደብ ውስጥ ለስላሳውን ፈልገው አንድ ትልቅ ቁራጭ ቆረጡና በአጥሩ ላይ ዘረጉላቸው።

የክርስትና አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ዶክተሯ ፈቅዳለች?»

«ይኼ ጥናቱ ያለቀ ነው» አሉ አባቴ። «ብላ!»